የአክስቴ ጉልበት

«ከጭን ተልጦ የተለጠፈ ቆዳ ሂና አይዝም» አለች አክስቴ ዓዋድያ። ያለችው ኮሪደር ላይ ቆማ ነው፤ ነገር ግን የቃጠሎ ክፍሉ በር ከተገጠመ ጀምሮ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ አያውቅም፣ አክስቴም ማንሾካሾክ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እህቴ ተማዱር ሰማች። እኔም ሰማሁ። እናቴ አብራት ቆማ ስለነበር «ኧረ ተይ፣ ልጅቷ ትሰማሻለች» ትላለች ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። እናቴ ያለችው «ጥቁሩ ሂናም ቢሆን?» ነው። አክስቴ ጥቂት አሰበችና «ጥቁሩም ቢሆን። ቢይዝ እንኳ ዥጉርጉር ነው የሚሆነው» ብላ ፈረደች። ይህ ሁሉ የሚወራላት ልጅ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ግራ እግሯ ትራስ ላይ ወጥቶ፣ አንድ ክንፉ የጎደለውን የጣሪያ ማራገቢያ ትመለከት ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ምንጣፌን እያጠፍኩ ነበር። ሁለታችንም ያልሰማን መሰልን፤ በቤታችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚማሩት ሙያ ይሄ ነው።

በቤታችን ሙሽራ የምታዘጋጅ አዋቂ አክስቴ ዓዋድያ ናት። ከሠርጉ በፊት ባሉት ሳምንታት ጓሮ ጉድጓድ ታስምሳለች፣ የግራር ፍም ታስጨምራለች፣ ልጅቷን ጉድጓዱ አፍ ላይ ታስቀምጥና ከአንገት በታች በወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ጀቡና ጭስ ታሞቃለች። የከተማችን የኦምዱርማን ሙሽራ ቆዳዋ ወርቅ የሚመስለው፣ ጠረኗ ከባሏ አልጋ ወራት የማይለቀው እንዲህ ስትታጠን ነው ይባላል። አደጋው የደረሰ ቀን አክስቴ ለሠርጓ የምትታጠነውን ተማዱርን «ላብሽ ገና ነው፣ እንዳትነሽ» አለቻትና ወደ ውጭ በር ወጥታ ከጎረቤት ጋር ወሬ ጀመረች። ወሬው ጣፈጠ። ተማዱርን ጭሱ አዞራት፤ ወደ ጎን ስትወድቅ ግራ እግሯ ከፍሙ ውስጥ ገባ። ራሷን ስታ ስለነበር አልጮኸችም። ጠረኑ ነው የጠራን።

ይህን ታሪክ በቤታችን እኔ አሁን በተናገርኩት ዓይነት የሚናገር ሰው የለም። በቤታችን የሚነገረው ዓይን በላት የሚለው ነው። ተማዱር መምህርት ናት፤ አብራት የምታስተምር አንዲት ልጅ ከአደጋው በፊት «ፊትሽ እንዴት አብርቷል!» ብላት ኖሯል፤ ማሻአላህ አላለችም። በቃ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ያቺ ምስኪን ልጅ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቅ ስትመጣ አክስቴ በር ላይ ቆማ መለሰቻት፣ ብርቱካኑን ግን ተቀበለቻት።

ክፍሉ አራት አልጋና አንድ ወንበር አለው። አንዷ ወንበር የአክስቴ ናት፤ በጉልበቷ ምክንያት። የአክስቴ ጉልበት በዘመድ ሁሉ የታወቀ ነው። ለቅሶ ቤት ገብታ ሳህን ላለማጠብ ጉልበቷ ነው፣ ከሰው ቀድማ ለመቀመጥ ጉልበቷ ነው፣ ታክሲ የሚያዝላት ሰው ለማግኘት ጉልበቷ ነው። ከኛ ጎን ያለው አልጋ ላይ የፈላ ዘይት የተደፋባት ፈላፍል ጠባሽ ተኝታለች፤ የሷ አሮጊት እናት ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ትቀመጣለች። አክስቴ አንድ ቀን እንኳ «ኑ እዚህ ይቀመጡ» አላለቻትም። ሲያሰኛት ጉልበቷን እያሸች «እህ... ያረቢ» ትላለች፤ አሮጊቷም ከወለል ሆና «አላህ ያሽርሽ» ትላታለች።

የተማዱር ቃጠሎ ከባት ተነስቶ ከጉልበቷ ኋላ ያለውን ስርጉድ ይዞ እስከ ጭኗ ይደርሳል። ዶክተር ባቢከር የመጀመሪያውን ጊዜ ከግራ ጭኗ ቆዳ ወስዶ ተከለላት፣ በፋሻም አሰረው። ዘመድ መጣ። ዘመድ ከመጣ ደግሞ አልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ይስማል፣ ያለቅሳል፣ አልጋው ይነቃነቃል። ፋሻው ሲፈታ ቆዳው ከቦታው ተንሸራቶ፣ ከሥሩ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። ሁለተኛውን ጊዜ ሐኪሙ ወደ ቀኝ ጭን ሄደ። አክስቴ ይህን ስትሰማ በመካከላችን ቆማ፣ እኔን እያመለከተች፣ «ለምን ከእህቷ አትወስዱም? ኢኽላስ እንደሁ ፈት ናት፤ ቆዳዋን ለማን ታሳየዋለች?» አለችው። ዶክተሩ አካል የሌላ ሰው ቆዳ አይቀበልም፣ ቢውል ቢያድር ይጥለዋል ብሎ አስረዳት። አክስቴ በእህቴ አካል ተቀየመች። «የገዛ እህቷን!» አለች።

በዚህኛው ጊዜ ዶክተሩ በፋሻ አልተማመነም። የተተከለው ቆዳ ላይ ስፖንጅ አደረገበት፤ ስፖንጁን ከዳር እስከ ዳር በሚያጣብቅ ስስ ፕላስቲክ ሸፈነው፤ ፕላስቲኩን በስቶ ቱቦ ሰካና ቱቦውን ከአንዲት የተማሪ ቦርሳ ከምታህል ማሽን ጋር አገናኘ፤ ጉልበቷ እንዳይታጠፍም እግሯን በጀሶ ድጋፍ አሰረው። ማሽኗ ከአልጋው ግርጌ፣ በመስኮቱ በኩል ብረቱ ላይ ተንጠልጥላ ቀን ከሌት ታጉረመርማለች፤ ከስፖንጁ ውስጥ አየሩንም ውሃውንም ትመጥጣለች። «ቆዳው ከሥጋው ጋር እስኪተዋወቅ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል» አለን ዶክተር ባቢከር። «ማሽኗ ናት የምትይዘው። ጉልበት ቦታ ነው፤ ትንሽ ከተንሸራተተ፣ ትንሽ ውሃ ከቋጠረ አለቀ። ስፖንጁ እንደ ደረቀ ተምር ጭምድድ ብሎ ካያችሁት ደህና ነው። ካበጠ ግን ጥሩኝ። በሌሊትም ቢሆን ጥሩኝ።» ነርሷ ሲስተር ከልቱም ደግሞ ፕላስቲኩን ከመለጠፏ በፊት እግሯን በሳሙና አጥባ፣ ላጭታ፣ በአልኮል ወልውላ፣ በማራገቢያ አድርቃ ነበር። «ይሄ ፕላስቲክ ቀናተኛ ነው፣ ላብ እንኳ አይወድም» አለችን። አክስቴ ያኔም ወንበሯ ላይ ነበረች። ሰምታለች።

ይሄም ካልያዘ ጉልበቷ ጠባሳው እየሳበው ታጥፎ እንደሚቀር ዶክተሩ አልደበቀንም። ተማዱር ያን ምሽት ቀስ ብላ «ጭፈራው ይቅርብኝ» አለችኝ። ሙሽራ በሠርጓ የምትጨፍረውን ጭፈራ ስንት ጊዜ ስትለማመደው ከርማ ነበር። «ሂናውም ይቅር። እኔ ጠዋት ሮጬ ሚኒባስ መያዝ ብቻ ነው የምፈልገው።» ከተማችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የኛ ሚኒባስ ለሰው አይቆምም፣ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርጋል እንጂ። ረዳቱ ያፏጭልሃል፤ ሮጠህ ዘለህ ካልገባህ ቀርተሃል። ጉልበቱ የማይዘረጋ ሰው ኦምዱርማን ውስጥ ሥራ የለውም።

ያ የሂና ወሬ የተሰማበት ቀን አርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሙሽራው እናት ሐጃ ነዕማት ትመጣለች ተባለ፤ ከአደጋው በኋላ ራሷ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እስከዚያ ድረስ ፖም ነበር የምትልከው። ልጇ ሙንተሲር ጅዳ ነው የሚሠራው፤ የእረፍት ጊዜው እየተቃረበ ነበር፣ ሲደውልም ንግግሩ ከቀን ወደ ቀን እያጠረ መጥቶ «እንዴት ነሽ፣ አይዞሽ፣ እግርሽስ» ላይ ቆሟል። ስለዚህ የሐጃዋ መምጣት በቤታችን የጥየቃ ጉዳይ አልነበረም፤ የምርመራ ጉዳይ ነበር። አክስቴ ከማለዳው ሁለት ዘንቢል ይዛ መጣች። ከአንዱ ዘንቢል ባለጥልፍ አንሶላ ወጣ፣ ባለወርቅ ቀለም የሻይ ብርጭቆ ወጣ፣ አላህ ይወቀው ከየት ያመጣችው የፕላስቲክ ጽጌረዳ ወጣ። ከሌላው ዘንቢል ሰንደል፣ ኩል፣ ሽቶ፤ በመጨረሻም በአሮጌ የማር ጠርሙስ ከርከር ወጣ። ከርከር የሙሽራ ቅባት ነው፤ ስብና ዘይት ከቅርንፉድና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ተነጥሮ ይሠራል። ልብስ ከነካ ልብሱ ይጣላል፣ ሰው ከነካ ሰውየው ለሳምንት ቅርንፉድ ይሸታል።

«እሱን ለምን አመጣሽው?» አልኳት።

«ሙሽራ ሆስፒታል ሆስፒታል አትሸትም።»

«ቆስላለች እኮ አክስቴ።»

«ሐጃ ነዕማት ቁስል ልታሸት ነው እንዴ የምትመጣው?» አለችና ወደ እናቴ ዞረች። «ይቺ ልጅሽ የራሷን ትዳር አፈረሰች፤ አሁን የእህቷን ልትጨምር ነው።»

እናቴ አንሶላውን መዘርጋቷን ቀጠለች። እኔም ዋጥኩት። «እሺ፣ እጇንና አንገቷን ቀቢያት። እግሯን ግን እንዳትነኪ» አልኩ። አክስቴ «እኔ ሕፃን ነኝ?» አለች። ይሄ መልስ እሺ ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ሲስተር ከልቱም ገብታ የማሽኗን ማጠራቀሚያ አየችና ሊሞላ እንደሆነ፣ መለወጫው ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ እንዳለቀ ነገረችኝ። አርብ ነው፤ ፋርማሲው ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ዝግ ነው። ወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው በኩል፣ አንድ የሚከፍት አለ ተባልኩ። ወጣሁ። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ሮጬ ያዝኩ፣ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘጋጋ፤ ደረስኩ፣ ፋርማሲስቱ ምሳ በልቶ እስኪመለስ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ተመልሶ መጣና ከርሱ ዘንድ ያለው ለሌላ ማሽን የሚሆን እንደሆነ ነገረኝ፤ ከዚያ ትንሽ አዘነልኝና መጋዘን ገብቶ ፈልጎ አገኘው። የጠየቀኝን ከፍዬ ስመለስ የከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት አዛን ይሰማ ነበር። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ማጠራቀሚያው ነው። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ማሽኗ እንዳትቆም ነበር የፈራሁት፤ ሰው ያቆማታል ብዬ አልፈራሁም።

ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ቅርንፉድ፣ ሰንደል፣ የብርቱካን ልጣጭ፤ የቃጠሎ ክፍል ሳይሆን ሠርግ ቤት። ገባሁ። ሐጃ ነዕማት ቡና ዓይነት ባለዘርፍ ቶብ ተጎናጽፋ የአክስቴ ወንበር ላይ ተንሰራፍታለች፣ የወርቅ አምባሯን እየነካካች ብስኩት ትበላለች። እናቴ ሻይ ትቀዳለች። አክስቴ ዓዋድያ፣ ያቺ ጉልበቷ የሚያማት፣ ከራስጌ በኩል ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች እንጃ፣ «እህ» አላለችም። ተማዱር ዓይኗን ተኩላ፣ እጇ እስከ ክንዷ እያንጸባረቀ፣ ባለጥልፉን አንሶላ እስከ ወገቧ ለብሳ ፈገግ ብላለች። ፈገግታው ልክ አልነበረም። ከንፈሯ ዳር ላይ ላብ አይቼ አንድ ነገር እንደጎደለ ገባኝ። ማሽኗ አታጉረመርምም።

አንሶላውን ከእግሯ ላይ ገለጥኩት። ስፖንጁ ጭምድድ ያለ ተምር መሆኑ ቀርቶ እንደ ሶፋ ትራስ ተነፍቷል። ከፕላስቲኩ በላይም በታችም ያለው ቆዳዋ በቅባት ያብለጨልጫል፤ አንደኛው የፕላስቲክ ዳር ተነስቶ ከሥሩ ሁሉ ከርከር ገብቷል። የጣት ምልክት ይታያል። ሄጄ ማሽኗን ከፈትኳት። ጮኸች። ፕላስቲኩ ትር ትር እያለ አየር ይስባል፣ እሷም ትጮኻለች፤ ሐጃ ነዕማት ብስኩቷን ጣለች።

«ምንድነው እሱ?» አለች።

«ኧረ ምንም አይደል፣ የመብራት ነገር ነው» አለች አክስቴ፣ ፈገግ ብላ።

«አጥፊው ልጄ» አለች እናቴ ለእኔ፣ እንግዳ ፊት ሲሆን በምትናገርበት በዚያ በቀጭን ድምፅ። «እንግዳ አለ።»

ከመቼ ጀምሮ ጠፍቶ እንደነበር በኋላ የነገረችኝ የፈላፍል ጠባሿ እናት ናት። አክስቴ የተማዱርን እጅ ቀብታ፣ አንገቷን ቀብታ፣ ወደ እግሯ ወረደች። «ይሄ ላስቲክ ቆዳዋን አፍኖት እኮ ነው» አለች፤ ዳሩን ቀና አድርጋ «ትንሽ ይተንፍስ» ብላ ከሥሩም ቀባች። ወዲያው ማሽኗ መጮህ ጀመረች። በዚያው ቅጽበት የሐጃዋ ድምፅ ከኮሪደር ተሰማ። አክስቴ በእንግዳ ፊት ፈስ የወጣው ሰው የደነገጠውን ያህል ደነገጠች፤ ማሽኗን አንዱን ቁልፍ ስትጫናት አልቆም አለች፣ ሌላውን ስትጫናት ቆመች። አሮጊቷ «ኧረ ነርሷን ጥሩ» ብትል አክስቴ «እናቴ፣ እርስዎ በሰው ጉዳይ ምን አገባዎት?» አለቻት። ተማዱርስ? ተማዱር ጉልበቷ ኋላ ውሃ እየሞላ ሲሞቃት፣ ሲወጥራት፣ ሁሉን እያወቀችው፣ አማቷ ስለ ጅዳ ሙቀት ስታወራ «አዎ፣ እዚያስ ይብሳል ይባላል» እያለች ተቀመጠች። ሙሽራ በአማቷ ፊት ስለ እግሯ አታወራም። እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግናት።

ሲስተር ከልቱም ጩኸቱን ሰምታ መጣች። አንድ ጊዜ አየችና አዲስ ፕላስቲክ ቀደደች። ፕላስቲኩ ከርከሩ ላይ ተንሸራተተ። በአልኮል ወለወለች፣ በሳሙና አጠበች፣ እንደገና በአልኮል፤ ለጠፈች፤ ተነሳ። ሙሽራ ወራት እንድትሸትበት የተነጠረ ቅባት በአንድ እፍኝ ጥጥ አይለቅም። «ማነው ይሄን ያደረገው?» አለች። አክስቴ የፕላስቲኩን ጽጌረዳ እያስተካከለች ነበር። ሐጃ ነዕማት በዚህ መሃል ቶቧን ጎተት አድርጋ ተነሳች። የተማዱርን ግንባር ሳመች፣ «ጠረንሽስ ማሻአላህ!» አለች። በር ላይ ግን እናቴን ወደ ጎን ወስዳ «ልጄ ፈቃዱ አልቆ ይሄዳል፤ እንግዲህ አላህ ያለው ይሆናል» አለቻት። በኛ አገር አንድ እናት እንዲህ ካለች ምን ማለቷ እንደሆነ መስጊድ ደጃፍ የተቀመጠ ለማኝ ያውቀዋል። እናቴ «ኢንሻአላህ» ብላ ሸኘቻት፤ የተረፈውን ብስኩትም በከረጢት አስያዘቻት።

ዶክተር ባቢከር ከቤቱ በጀለብያው መጣ። ሁላችንንም ማስወጣት ሲገባው አላስወጣንም፤ ቸኩሎ ነበር። ጓንት አጠለቀ፣ ፕላስቲኩን ገፈፈ፣ ስፖንጁን በጨው ውሃ እያራሰ አነሳው። ባቷ ላይ ያለው ይዟል፤ ሮዝ ሆኖ፣ ከሥጋው ጋር አንድ ሆኖ ሳይ እንባዬ መጣ። እንዲህ ነበር ሁሉም ሊሆን የነበረው። ከጉልበቷ ኋላ ግን ቆዳው በቢጫ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነበር። ዶክተሩ በመቆንጠጫ ነካ አደረገው፤ ያለ ምንም ትግል ተነስቶ መጣለት። በትንሹ የብረት ሳህን ውስጥ አኖረው። ዶክተሩ ሳህኑን ወደ አፍንጫው ጠጋ አደረገና ግንባሩን ቋጠረ።

«ቅርንፉድ ነው?» አለ።

ከእህቴ ቀኝ ጭን የተላጠው ቆዳ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ታማ የሰጠችው፣ በብረት ሳህን ላይ ተኝቶ ሙሽራ ሙሽራ ይሸት ነበር።

«ማሽኗን ማን አጠፋት?»

እናቴ ወለሉን አየች። አክስቴ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ «ዓይን ነው ዶክተር፤ ይቺን ልጅ ዓይን አልለቀቃትም» አለች። ዶክተሩ ጥያቄውን ደገመው። እኔ አፌን ልከፍት ስል ተማዱር ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ ዶክተር። ጮኸችብኝ፣ አጠፋኋት።»

ዶክተር ባቢከር ከአልጋው ግርጌ በመስኮት በኩል የተንጠለጠለችውን ማሽን አየ። ከዚያ በጀሶ ድጋፍ ቀጥ ብሎ የታሰረውን እግር አየ፣ ከዚያ ደግሞ የተማዱርን አጭር፣ በቅባት የሚያንጸባርቅ ክንድ። ያ ክንድ እዚያ ለመድረስ ከአልጋው ወርዶ መዞር አለበት።

«ውሸቷን ነው» አልኩ።

«ኢኽላስ!» አለች እናቴ። «አክስትሽ ፊት!»

እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም ነበር። ዶክተሩ ወደ አክስቴ ዞረ፣ የሚያብለጨልጩ እጆቿን አየ። ተማዱርን ብቻ ነው ያናገራት። ቁስሉ እንደገና እስኪዘጋጅ መጠበቅ እንዳለባቸው፣ ሦስተኛውን ከጀርባዋ እንደሚወስድ፣ እስከዚያ ጉልበቷ መታጠፍ እንዳይጀምር ቀንም ሌሊትም በድጋፉ እንደሚታሰር ነገራት። «ይዘረጋል ዶክተር?» አለችው። «እንሞክራለን» አላት። ከዚህ ቀደም ሲጠይቁት «አዎ» ነበር የሚለው።

እሱ እንደወጣ አክስቴ ከግድግዳው ተላቀቀች። ወደ አልጋው ቀረበች፣ በከርከር የወዛ እጇን በእህቴ ግንባር ላይ አሳረፈች፣ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ «አይዞሽ ልጄ» አለች። «ልጅነት ነው። ባትነኪው ጥሩ ነበር፤ ግን ሆነ። እኛ ይቅር ብለንሻል።»

ተማዱር ዓይኗን ጨፈነች። ኩሉ በጉንጯ ወርዶ ነበር። «አላህ ይስጥልኝ አክስቴ» አለች። የፈላፍል ጠባሿ እናት ከወለሉ ተነስታ ቶቧን አራግፋ ወደ ውጭ ወጣች። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ወግ ያላት እሷ ብቻ ሆና ታየችኝ።

ማታ ሊሆን ሲል እናቴ «አክስትሽን መኪና አሳፍሪያት፤ ጉልበቷን ታማለች» አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ግን እናቴ ዓይኔን እያየች የተማዱርን እጅ ይዛ ነበር፣ ተማዱርም በዓይኗ ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ። አክስቴ ክንዴን ይዛ ደረጃውን ወረደች፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ እየቆመች «እህ... ያረቢ... እርጅና!» ትላለች። ክብደቷን ሁሉ እኔ ላይ ጥላዋለች፤ እጄ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ። ግቢውን እያቋረጥን «የሠርጉን ነገር እኔ ሐጃዋን አነጋግራታለሁ፤ አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ» አለችኝ። መንገድ ዳር ቆምን። ጀንበር ልትጠልቅ ነው፤ ሰው ከጥየቃ ተመልሶ መንገዱን ሞልቶታል፣ ሚኒባስ ሲመጣ ሁሉም ይጋፋል። የአክስቴን ሰፈር የሚጠራ ሚኒባስ ከርቀት ታየ። ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ፤ አልቆመም። ረዳቱ በሩን ይዞ ተንጠልጥሎ አፏጨ፣ በጣቱም አንድ ቦታ ብቻ እንዳለው አሳየ።

አክስቴ ክንዴን ለቀቀች። ቶቧን በአንድ እጇ ከጉልበቷ በላይ ሰበሰበች፣ ዘንቢሏን ብብቷ ሥር አስገባችና ሮጠች። ሁለት ተማሪዎች ከፊቷ ነበሩ፤ አንዱን በዘንቢሏ ገፋችው፣ ሌላውን ቀደመችው። ረዳቱ «ማሻአላህ ሐጃ!» ብሎ እየሳቀ እጁን ሰጣት። ዘለለች፤ ገባች። ሚኒባሱ ሲታጠፍ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ለተማዱር ንገሪያት፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ!» ብላ ጮኸችልኝ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሁለቱንም ጉልበቶቿን አይቻቸዋለሁ፤ ጥሩ አድርገው ይታጠፋሉ፣ ጥሩ አድርገው ይዘረጋሉ።